ረሻድ ይቅር የሚልበት ቀን

ረሻድን የቀጠርኩት ጋጋሪዬ ሳይሰናበተኝ ጠፍቶ እኔ ራሴን ይዤ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። በማግስቱ ወሩ ይገባል፤ ልደታ ናት። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ የሚመጣው ወደ እኔ ዳቦ ቤት ነው፤ የተራበ ምእመን ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አያውቅም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያለው አንድ ደንበኛዬ፣ «እትዬ የሺ፣ አጎቴ ጋጋሪ ነው፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ እኔ ቤት ግድግዳ ሲያይ ይውላል» አለኝ።

«ይምጣና ምድጃ ይይ» አልኩት።

መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። ግራ ክንዱ ላይ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ጋጋሪ አይደል፣ ምድጃ ያቃጠለው ነው ብዬ አለፍኩት።

«ስምህ ማነው?»

«ረሻድ።»

«ነገ ልደታ ናት። ለማርያም በዓል መጋገር ይከብድህ ይሆን?»

«እትዬ፣ ሊጥ ሃይማኖት አለው እንዴ?» አለኝ። «ደግሞም እኔ ለአላህም ቢሆን ያን ያህል የምመች ሰው አይደለሁም። አርብ አርብ እንቅልፍ ያሸንፈኛል።»

ወደድኩት። እኔም ልደታ ማርያም አጥር ሥር ተወልጄ ያደግኩ የሺሀረግ፣ ቅዳሴ የምሰማው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ያውም ተገድጄ።

ምን ገጥሞት አዲስ አበባ እንደመጣ የነገረኝ ከሰነባበተ በኋላ ነው፤ እንደ ቀልድ አድርጎ። የከተማዋን ስም እኔም አልጠራም፤ ደግ ሰዎችም አሉባት። ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰብ አንድ የሰርግ ድንኳን አይሞላም። እሱ ዋናው መንገድ ላይ ዳቦ ቤት ነበረው። አንድ የበዓል ቀን ታቦት ሲገባ አንድ ሰውዬ ውሻ ላይ ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ ውሻውን ስቶ የቆርቆሮ አጥር መታ። ያ ድምፅ ገበያ እስኪደርስ ድረስ «ሙስሊሞች ታቦት በድንጋይ መቱ» ሆኖ ነበር።

«የወረወረው ሰው ተገኘ?» አልኩት።

«ተገኘ እንጂ። ገብረ ማርያም ይባላል።»

ወጣቱ ቤንዚን በጄሪካን ይዞ መጣ። መጀመሪያ መስጊዱን፣ ቀጥሎ የእሱን ዳቦ ቤት። ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ የሚታይ ነው። የጣቢያው ቁርስ በየቀኑ ከረሻድ ምድጃ ነበር የሚሄደው፤ ኮማንደሩም ትኩሱን ይወድ ስለነበር አንዳንዴ ራሱ ይመጣ ነበር። ረሻድ ስልኩን አንስቶ ደወለለት።

«ኮማንደር፣ እየመጡ ነው!»

«አይቻለሁ፣ ረሻድ። ትዕዛዝ እየጠበቅን ነው።»

«ከማን?»

«ከላይ።»

«ከላይ ሲለኝ ፈጣሪን መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ ረሻድ እየሳቀ። «ታዲያ እሱም ዝም አለ።»

ያተረፈችው ከኋላው የምትኖር ጠላ ሻጭ ናት። ጎትታ አስገብታ ከጋኖቹ ኋላ ደበቀችው። ሲወጣ ልብሱ ሁሉ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። «እስልምናዬን ሊያጠፉ መጥተው፣ አሰክረው ለቀቁኝ» ይላል። ከዚያ ደግሞ ሊጡን በቡጢ እየመታ እንዲህ አለኝ፦

«የሚያናድደኝ ምን መሰለዎት፣ እትዬ? አጥባቂ ሆኜ ቢያቃጥሉኝ ያምርብኝ ነበር። እነዚያን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰው አያውቁም። የማይሰግደውን ሰው የማያስቀድስ ሰው አቃጠለው።»

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እሱ እየሳቀ ነው የሚነግረኝ።

ሚስቱንና ልጆቹን ወራቤ ዘመዶቿ ጋ ልኮ፣ እዚህ ከእኔ ጋር እየሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ ይዞር ነበር። ለምን ፖሊስ ከጣቢያው እንዳልወጣ የሚነግረው ሰው ፈልጎ ነው። የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው። «ጉዳዬ ከእኔ የበለጠ ይራመዳል» ይለኝ ነበር ጫማውን አውልቆ እግሩን እያሸ።

አንድ ጠዋት አቶ በድሉ የሚባል ሰው ዳቦ ቤቴ ገባ። ሱፍ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ስለ ሰላም ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው የመጣው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም በጣም ረጅም ስለሆነ ተናግሮ ሳይጨርስ ሁለት ደንበኛ አስተናገድኩ።

«አቶ ረሻድ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው።

«ምን አገኘሁ?»

«ተመርጠዋል! ሰንጋ ተራ አዳራሽ ውስጥ የይቅርታና የአብሮነት ጉባኤ አለን። እርስዎ ተጎጂዎችን ወክለው ይቅር ይላሉ።»

«ማንን?»

«የወጣቶች ተወካይ መድረክ ላይ አበባ ይሰጥዎታል። ይቀበሉታል። ‹ይቅር ብያለሁ› ይላሉ። ትተቃቀፋላችሁ። ነጭ ርግብ ይለቀቃል። ከዚያ ምሳ ነው።»

«ፖሊስስ?»

«አይስጉ፤ በሩ ላይ በቂ ፖሊስ ይኖራል።»

«አሁን?» አለ ረሻድ።

አቶ በድሉ አልገባውም ወይም እንዳልገባው ሆነ። ረሻድ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጥቂት አሰበና፣ «ማይክ ትሰጡኛላችሁ?» አለው።

«ለሁለት ዓረፍተ ነገር።»

«ይበቃኛል።»

አቶ በድሉ ደስ ብሎት የምሳውን ዳቦ እኔን አዝዞ ሄደ። እኔ ግን ተናደድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ መጫወቻ ሊያደርጉህ ነው!» አልኩት።

«እትዬ የሺ፣ በየቢሮው ስዞር አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። እዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየኛል።»

የጉባኤው ቀን ዳቦዬን በቅርጫት አስጭኜ ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ በአበባ አጊጧል፤ ከመድረኩ በላይ ግድግዳውን የሚያክል ባነር ተሰቅሏል። ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል የተባለው ጉባኤ አልጀመረም፤ የፊት ወንበር ጥል ተነስቷል። ቀሚስ የለበሱት፣ ጥምጥም ያሰሩት፣ ከረቫት ያደረጉት ሁሉ መጥተዋል፤ የክብር ወንበሩ ግን አንድ ጎድሏል። ማን መሀል ይቀመጥ፣ ማን በቀኝ ይሁን፣ ክርክሩ ጦፈ። ስለ አብሮ መኖር ሊያስተምሩን የመጡ አባቶች አብሮ መቀመጥ አቃታቸው። በመጨረሻ ከእኔ ዳቦ አጠገብ የነበረውን ወንበር ወስደው አስታረቋቸው፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ረሻድ ከመድረኩ ኋላ ነበር፤ ሻይ ይዤለት ሄድኩ። አዲስ ሸሚዝ አጥልቆ ቆሟል። በዚያ መሀል ከረቫት ያሰረ፣ አበባ የታቀፈ ወጣት ገባ። ሳየው ሻዩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር፤ የኛው ሰፈር ሙሌ ነው! ሙሌ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ሳሙና ይዞ የሚስቅ፣ ሰርግ ላይ መድረክ የሚመራ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሲገዛ ረሻድ ትኩሱን መርጦ ይሰጠዋል።

«ጋሼ ረሻድ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ይቅር ልል ነዋ። አንተስ?»

ሙሌ አበባውን አየ፣ ረሻድን አየ። «ወይኔ!» አለ። «ተጎጂው እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ያቃጠልከኝ አንተ ነህ እንዴ?»

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት፣ እኔ ያን አገር በካርታም አላውቀው! አቶ በድሉ ‹ወጣት ተወካይ እፈልጋለሁ፣ ማልቀስ የሚችል› አለኝ። ሥራ ነው ብዬ መጣሁ።»

አቶ በድሉ እየሮጠ መጣ። እውነተኞቹ የት እንዳሉ ስጠይቀው ላቡን ጠረገ። «የተወሰኑት ታስረዋል። ሌሎቹ ደግሞ... ፈቃደኛ አልሆኑም። ውክልና ግን ምን ችግር አለው? ሕጋዊ ነው!»

ሙሌ ከረቫቱን ማላላት ጀመረ። «ጋሼ፣ ካሉኝ አሁኑኑ ጥዬ እወጣለሁ።»

ረሻድ ከረቫቱን መልሶ አስተካከለለት። «ተው፣ ሥራህን ሥራ። እስካሁን አንድም ሰው ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ አንተ እንኳ ጠይቀኝ» አለው።

ከዚያ በመጋረጃው ቀዳዳ አዳራሹን አየ። ዓይኑን ተከተልኩ። ፊት ረድፍ ላይ፣ ከሃይማኖት አባቶቹ ቀጥሎ፣ ትከሻው በማዕረግ የከበደ አንድ ፖሊስ ተቀምጧል።

«እሱ ነው?» አልኩት።

«እሱ ነው። ሾመውታል» አለ። ቀጥሎም፣ «ወፍሯል። ከእኔም በኋላ ጥሩ ዳቦ አላጣም ማለት ነው» አለ።

መድረኩ ላይ ወጡ። ሙሌ ተንበረከከ። አለቃቀሱን ልነግራችሁ አልችልም፤ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ሳበ፤ እኔ ራሴ እውነቱን እያወቅሁ ዓይኔን ጠረግሁ። «በወጣቶች ስም... አባቴ... ይቅር በሉን!» አለ። ረሻድ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አበባውን ተቀበለ፣ አቀፈው። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ካሜራዎቹ ተንጋጉ። ከዚያ ማይኩን ያዘ።

«ልጄ፣ አንተን ይቅር ብያለሁ» አለው። «አላቃጠልከኝምና ብዙ አልከበደኝም።»

ሰው ሳቀ። አቶ በድሉ ግን አልሳቀም።

«ያቃጠሉኝንም አንድ ቀን ይቅር እላለሁ ይሆናል። እሱ በእኔና በእነሱ መሀል ያለ ነገር ነው፤ የሚሉኝን፣ የምላቸውን እኛው እናውቃለን። አንድ ይቅር የማልለው ሰው ግን እዚያ ተቀምጧል። ይቅር የማልለው ስለምጠላው አይደለም። በየቀኑ ቁርሱን የምልክለት፣ በመንግሥት ደመወዝ እኔን እንዲጠብቅ የተቀመጠ ሰው ነበር። ስጮህለት ‹ትዕዛዝ እየጠበቅን ነው› አለኝ። ጎረቤት ቢበድል ይቅር ይባላል። ጠባቂ ግን...»

ማይኩ ጠፋ። ረሻድ ታዲያ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን እየጮኸ ሰው ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ማይክ ምን ያደርግለታል?

«ጠባቂ ግን በሥራው ይጠየቃል! ኑርሰፋ የሚባል ሠራተኛ ነበረኝ። ዱቄት ተሸካሚ። እኔ ስወጣ አብሮኝ የወጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ዱቄቱን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቷል። በሩን ከውጭ ዘግተው ለኮሱበት። እኔ እጄን በእሳቱ ውስጥ ሰድጄ መዝጊያውን ስታገል፣ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ጎትታ እስክትወስደኝ ድረስ ፖሊሶቹ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር። እሱን ማን ወክሎ ነው ይቅር የሚለው? እኔ አልችልም። አልወከለኝም!»

እኔ ከዳቦ ቅርጫቱ ኋላ ቆሜ ክንዱን አየሁት። ያን ጠባሳ። ስንት ወር ሙሉ አብሬው ሊጥ ሳቦካ ስለ ኑርሰፋ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ቀልድ ሲያወራኝ ይህን ለብቻው ይዞት ነበር።

 አቶ በድሉ «አውርዱት!» ለማለት እጁን አውለበለበ። ርግቦቹን የያዘው ሠራተኛ ለእሱ የተሰጠ ምልክት መሰለውና ካርቶኑን ከፈተ። አብዛኞቹ ርግቦች አንወጣም አሉ። አንዷ ወጥታ ጣሪያውን ሁለቴ ዞረችና ባነሩ ላይ አረፈች። እዚያው «ሰላም» የሚለው ቃል ላይ ተጸዳዳች። ስለ እምነቴ ብዙ አልምልም፤ በዚህ ግን እምላለሁ።

በምሳ ሰዓት ማንም ረሻድ አጠገብ አልቆመም። እኔና እሱ ዳቦ ስንቆርስ ኮማንደሩ መጣ፤ ብቻውን ነው።

«ረሻድ።»

«ኮማንደር። ዳቦ ይውሰዱ፤ የእኔው ነው።»

አልወሰደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትዕዛዝ አልመጣልኝም ነበር» አለ።

«አልመጣም ወይስ ‹አትውጡ› የሚል መጣ?»

 «ልጆች አሉኝ» አለ ኮማንደሩ።

«ኑርሰፋም ነበሩት» አለው ረሻድ።

ማታ በዜና መተቃቀፉን አሳዩ። ከሥሩ ዋሽንት አስገብተውበታል። «ተጎጂዎች በሙሉ ልብ ይቅር ማለታቸውን ገለጹ» ይላል። ረሻድ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አየና፣ «ዋሽንቱ ጥሩ ነው» አለ።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሙሌ ነው፤ ይቅርታ ስለጠየቀ ይቅርታ ሊጠይቅ። ሁለተኛዋ ሌንሳ የምትባል፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያላት ወጣት ጠበቃ ናት። ዳቦ ከእኔ ትገዛለች እንጂ ከዚያ በፊት አውርተን አናውቅም። ጉባኤው ላይ ተጋብዛ ነበር።

«አቶ ረሻድ፣ እንክሰስ» አለች።

«ማንን?»

«ፖሊሱን። መንግሥት ዜጋን መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ደግነት አይደለም። ብዙም ብትሆኑ፣ ጥቂትም ብትሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ።»

«ሕገ መንግሥቱ ያን ቀን የት ነበር?»

«እሱም ትዕዛዝ እየጠበቀ ነበር» አልኩ እኔ። ሌንሳ ሳቀች፤ ክሱን ግን አስገባች።

ክሱ እዚሁ ልደታ ይታይ ወይስ እዚያ በሚለው ብቻ ብዙ ጊዜ ተከራከሩ። ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። ረሻድ ሽርጡን አውልቆ ሄዶ፣ አቧራውን አራግፎ ይመለሳል። ሙሌም አንዳንዴ አብሮት ይሄዳል፤ «ማልቀስ ካስፈለገ» እያለ። እኔ የሄድኩት የፖሊስ ነገረ ፈጁ በተናገረበት ቀን ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነበር። ፖሊስ ሊያስቆመው የሚችለው አልነበረም» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጣቢያው ከተቃጠለው ዳቦ ቤት ምን ያህል ይርቃል?»

«በጣም ቅርብ ነው።»

«ጣቢያውስ ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም።»

«ለምን?»

«ጥበቃ ስለነበረው...» አለና አፉን ያዘ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛዋ ጠረጴዛ መቱ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

ኮማንደሩ በምስክርነት የተጠራ ጊዜ አይመጣም ብለን ነበር። መጣ። ያለ ማዕረግ ልብሱ፣ በተራ ጃኬት። ከስቷል። ረሻድን አላየውም።

«ከጣቢያ እንዳትወጡ ተብለናል» አለ።

«ማን አለ?»

ስም ጠራ። ስሙን እኔ አልደግመውም፤ ባለቤቱ ዛሬ ትልቅ ቦታ ነው ያለው፣ እኔም ዳቦ ቤቴን እወደዋለሁ። ጸሐፊዋ ግን ጻፈችው፤ መዝገብ ላይ አለ።

ፍርዱ ገና አልተሰጠም። ሌንሳ «እናሸንፋለን» ትላለች። ነገሩ የት እንደደረሰ ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነው።

ሰሞኑን ጠዋት ሊጥ እየቆረጥን የረሻድ ስልክ ጮኸ። እጁ ሊጥ በሊጥ ስለነበር በክርኑ ነክቶ ድምፁን ለቀቀው። የደወለው የዚያች ከተማ ኢማም ዓብዱልሰላም ነው፤ የተቃጠለውን መስጊድ መልሰው በቆርቆሮ ሠርተውታል።

«ረሻድ፣ ወሬ ተነስቷል። ሰው እየተሰበሰበ ነው።»

የረሻድ ፊት ዱቄት መሰለ። «ውጡ! መስጊዱን ተዉትና ውጡ!»

«ቆይ፣ ስማኝ። ፖሊስ መጥቷል። ከሰዉ ቀድሞ ነው የመጣው።»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ቆመዋል።»

«ቆመው?»

«ቆመው ብቻ። በሩ ላይ። አዲሱ አዛዥ ‹እኔ እንደዚያ ሰውዬ አዲስ አበባ ተጎትቼ ዳኛ ፊት አልቆምም› አለ አሉ።»

አዛዡ ለሃይማኖት መቻቻል አልቆመም፤ ለራሱ ነው የቆመው። ይሁን፤ እኔ ለምን እንደቆመ አልመረምርም። ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ። ከወዲያ ማዶ ጩኸት ይሰማል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። በኋላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማን።

«እየሄዱ ነው» አለ ዓብዱልሰላም። «ረሻድ? አለህ?»

 ረሻድ የፉርኖ ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ስልኩን እኔ አንስቼ «አለ፣ ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት።

«ሰውዬ፣ ምንም እኮ አልተፈጠረም» አልኩት። ማጽናናቴ ነበር።

«መቆም ብቻ ነበር እኮ፣ እትዬ» አለኝ። «መቆም ብቻ።»

 ከምድጃው የማረር ሽታ መጣ። እሱ እንዲነሳ አልፈለግሁም፤ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄጄ ዳቦውን ራሴ አወጣሁት።